የትከሻ ሕመም፦ ወጌሻ፣ ማሳጅ፣ ፊዚዮቴራፒ ወይስ መርፌ?

ትከሻው የታመመ ሰው መካሪ አያጣም። ጎረቤት «ብርድ ነው፣ በደንብ ከታሸ ይለቃል» ትላለች። የሥራ ባልደረባ የአንድ ወጌሻ ስልክ ቁጥር ይልካል። ጂም የሚሠራው ልጅ ማሳጅ ቤት ይጠቁማል። ሐኪም ጋ የሄደ ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ይታዘዝለታል፣ ወይም መርፌ። ሁሉም ትከሻው ላይ እጅ ስለማሳረፍ ያወራሉ። ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ዓይነት እጅ አይደለም። ስለ አንድ ዓይነት ሕመምም አይደለም።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን ለአንዳንድ ትከሻ ነው፤ ያውም ከእንቅስቃሴ ጋር ሲሆን። ከአደጋ በኋላ ደግሞ ራጅ ሳይታይ ማንም ትከሻችሁን እንዲጎትት ወይም እንዲያሽ መፍቀድ የለባችሁም። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚከተል ነው።

መጀመሪያ ትከሻው ምን ሆኗል?

የትከሻ መገጣጠሚያ ኳስና ጎድጓዳ ነው። ኳሱ የክንድ አጥንት ራስ ነው። ጎድጓዳው ግን ጥልቀት የለውም። እጃችን በየአቅጣጫው የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ትከሻ ከሌሎች ትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ቶሎ የሚወልቀውም ለዚህ ነው። ኳሱን መሐል ላይ ይዘው የሚያቆዩት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ሐኪሞች ሮቴተር ካፍ ይሏቸዋል። መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የሚሸፍን ካፕሱል የሚባል ስስ ከረጢትም አለ።

ብዙውን ጊዜ ወደ ሕክምና የሚያመጡት የትከሻ ችግሮች ከአራት አያልፉም።

አንደኛው የሮቴተር ካፍ ጅማት ሕመም ነው። ሕመሙ የሚሰማው ከላይኛው ክንድ በውጭ በኩል ነው። ዕቃ ከመደርደሪያ ሲያወርዱ፣ ጃኬት ሲለብሱ፣ ሌሊት በዚያ ጎን ሲተኙ ይብሳል። ቀለም ቀቢዎች፣ ግንበኞች፣ ሸክም የሚሠሩ ሰዎች በደንብ ያውቁታል።

ሁለተኛው የተቆለፈ ትከሻ ነው፤ ፍሮዝን ሾልደር የሚባለው። ካፕሱሉ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ ታጥቦ እንደጠበበ ሹራብ ይሆናል። በብዛት የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ነው፤ በሴቶች ላይ ይበዛል፣ የስኳር ሕመምና የታይሮይድ ችግር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በተለይ። መጀመሪያ ሕመሙ ይከፋል። ቀጥሎ ሕመሙ ቀነስ እያለ ክንዱ ይቆለፋል። በመጨረሻ ቀስ እያለ ይለቃል። ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ፀጉር መሥራት፣ የጡት ማሰሪያ ከኋላ መቆለፍ፣ ነጠላ ወደ ትከሻ መጣል፣ ከኋላ ኪስ ቦርሳ ማውጣት አልሆን የሚለው ያኔ ነው።

ሦስተኛው ውልቃት ነው። አራተኛው ስብራት ወይም በአደጋ የተበጠሰ ጅማት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመለየት ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። ቁጭ በሉ። ሁለቱን ክርኖች ጎናችሁ ላይ አጣብቁና ዘጠና ዲግሪ እጠፏቸው፤ መዳፎቻችሁ ይተያዩ። አሁን ክርኑን ከጎን ሳታላቅቁ ሁለቱንም እጆች ወደ ውጭ ክፈቱ። የታመመው ከጤነኛው ቀድሞ ከቆመ፣ ሌላ ሰው አንጓችሁን ይዞ በቀስታ ይሞክርላችሁ። እሱም ከዚያ በላይ መክፈት ካቃተው የተያዘው ራሱ መገጣጠሚያው ነው፤ የተቆለፈ ትከሻ ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የመገጣጠሚያ መበላትም ይህንኑ ያሳያል። እሱ ሲያንቀሳቅሰው የሚከፈት፣ እናንተ ስታነሡት ግን የሚያም ወይም የሚደክም ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ጅማቱ ያዘነብላል። ይህ ሙከራ ሐኪምን አይተካም። ግን ክሊኒክ ስትገቡ «ትከሻዬን ያመኛል» ከማለት የተሻለ ነገር ይዛችሁ ትገባላችሁ። ከወደቃችሁ፣ ኤሌክትሪክ ከያዛችሁ ወይም የሚጥል ሕመም ከተነሣባችሁ በኋላ የመጣ ሕመም ከሆነ ግን ሙከራውን ተዉት። በኤሌክትሪክና በሚጥል ሕመም ጊዜ ትከሻ ወደ ኋላ ሊወልቅ ይችላል። ይህ ውልቃት ከላይ ሲያዩት ብዙም አያስታውቅም።

ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ የትከሻ አይደለም። ከአንገት ተነሥቶ እስከ ጣት የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ሕመም የአንገት ነርቭ ሊሆን ይችላል። የሐሞት ከረጢት ችግር በቀኝ ትከሻ በኩል ሊሰማ ይችላል። የደረት መጨነቅ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት የግራ ትከሻ ሕመም ልብ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። ትኩሳትና እብጠት ያለበት፣ ወይም ክብደት እየቀነሰ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመምም ወደ ማሸት ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው የሚሄደው። እኛ አገር የሳንባ ነቀርሳ መገጣጠሚያም ላይ እንደሚወጣ መርሳት የለብንም።

ወጌሻ

ሰው ወጌሻ ጋ የሚሄደው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ቅርብ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ ዋጋው ይቀላል፣ እሑድም ይገኛል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው፤ ብዙ ወለምታ ያዩ፣ በጣታቸው ብዙ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። «ይሄ የኔ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂድ» የሚሉ ወጌሾችም አሉ። እንዲህ የሚል ወጌሻ ሊከበር ይገባል።

ችግሩ ሌላ ነው። ጣት የቱንም ያህል ቢሠለጥን ራጅ አይሆንም። የወለቀ ትከሻና ከኳሱ ሥር ባለው አንገቱ ላይ የተሰበረ የክንድ አጥንት ከውጭ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሁለቱም ያብጣሉ፣ ሁለቱም ክንዱን አያስነሡም። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። የተሰበረውን ወልቋል ብሎ መጎተት ስብራቱን ያፈናቅላል። ከትከሻው ሥር የሚያልፈው ነርቭ ከተጎዳ የትከሻው ውጫዊ ቆዳ ይደነዝዛል፣ ክንድ የሚያነሣው ጡንቻም ይሰንፋል። ሐኪም የወለቀ ትከሻ ከመመለሱ በፊት እዚያ ቆዳ ላይ የሚነካካው፣ የእጅ አንጓ የደም ምትም የሚዳብሰው ለዚህ ነው።

ከዚህ የባሰው በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ ማሰር ነው። ደም ካልደረሰው እጅ ይሞታል። ከወጌሻ እስር በኋላ እጃቸው ወይም እግራቸው ጠቁሮ የመጡና ለመቁረጥ የተገደዱ ሰዎችን፣ ሕፃናትንም ጭምር፣ የአገራችን ሐኪሞች በጥናቶቻቸው መዝግበዋል። ታስሮ የነበረ እጅ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከጨመረ እስሩ በዚያው ሰዓት ተፈትቶ ወደ ሆስፒታል ነው። እስከ ነገ የሚቆይ ነገር አይደለም።

ጊዜም ያመልጣል። የወለቀ ትከሻ በቶሎ ከመጣ ማደንዘዣ ወይም የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶ በቀላሉ ይመለሳል። ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ወልቆ ከቆየ ግን በእጅ ለመመለስ አስቸጋሪና አደገኛ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል። «እስቲ መጀመሪያ ይታሽ» እየተባለ የሚያልፉት ሳምንታት ዋጋቸው ይህ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። መውደቅ ወይም መመታት ካለ ወጌሻ አይደለም፤ መጀመሪያ ራጅ። አደጋ ሳይኖር ሥራ በዝቶ የደከመ ጡንቻን በቅቤ ወይም በቫዝሊን ለስለስ አድርጎ ማሸት ብዙ ጉዳት የለውም። የተቆለፈ ትከሻን «ላላቅቅልህ» ብሎ በጉልበት መጠምዘዝ ግን ጉዳት ነው። በተለይ አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን ላይ ክንድ እስከ መስበር ይደርሳል።

ማሳጅ

ማሳጅን በአጭሩ እናልፈዋለን። አንገትና ትከሻ መካከል ያለው ጡንቻ ኮምፒውተር ላይ በመዋል ወይም በመኪና መንዳት ሲገተር ማሳጅ ያፍታታዋል። ለጥቂት ቀናት ደህና ያደርጋል፣ እንቅልፍም ያመጣል። መልካም ነገር ነው። ግን ካፕሱል አይከፍትም፣ ጅማት አያጠነክርም። በስፓና በጂም የሚሠሩ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ሕመም ለመለየት አልሠለጠኑም። ማሳጅን ለመዝናናት ተጠቀሙበት። ሕመሙ በየሳምንቱ ተመልሶ እየመጣ በየሳምንቱ መታሸት ግን መፍትሔ አይደለም።

የፊዚዮቴራፒስቱ እጅ

ብዙ ሰው ፊዚዮቴራፒን ከማሳጅ ጋር ያምታታል። ወይም «ማሽን ይለጥፉብሃል» ይላል። በእውነት አንዳንድ ቦታ ታማሚው ሙቀት ወይም ኤሌክትሪክ ተለጥፎበት ብቻውን ተኝቶ ይወጣል። እኔ የማወራው ስለዚያ አይደለም።

ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ከዚያ ልብስ አስወልቆ ሁለቱንም ትከሻ ያያል። አንገትን ይፈትሻል። እናንተ ስታነሡና እሱ ሲያነሣው ያለውን ልዩነት በዲግሪ ይመዘግባል። ከዚያ ነው እጅ የሚገባው። በጀርባ ያስተኛችኋል። አንድ እጁ ከኋላ ያለውን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ደግፎ ይይዛል። ሌላው እጁ ክንዱን ከብብት አጠገብ፣ ከኳሱ ሥር ይይዛል። ክንዱን አያዞርም፣ አያነሣም። ኳሱን ብቻ ጎድጓዳው ላይ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ፣ ሚሊሜትር በሚባል መጠን፣ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። ጎን ቆሞ ለሚያይ ሰው ምንም እየተሠራ አይመስልም። ይህ ሞቢላይዜሽን ይባላል። አውስትራሊያዊው ጄፍሪ ሜይትላንድ በደረጃ ከፋፍሎታል። ዝቅተኞቹ ደረጃዎች ሕመም ለማስታገስ የሚሰጡ ለስላሳ እንቅስቃሴዎች ናቸው፤ ከፍተኞቹ የተያዘው መገጣጠሚያ ጫፍ ድረስ የሚሄዱ ናቸው። በኒውዚላንዳዊው ብራያን ሙሊጋን ዘዴ ደግሞ ባለሙያው ኳሱን ገፋ አድርጎ ሲይዝ ታማሚው ራሱ ክንዱን ያነሣል።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ይሠራል? እዚህ ላይ በጉጉት ሳይሆን በማስረጃ እንሂድ።

ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ተቆለፈ ትከሻ የ32 ጥናቶችን ውጤት አይቷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ (ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ከእጅ ሕክምናና ከእንቅስቃሴ ጥምር ይልቅ ሕመምን ይቀንሳል። በ6 ወርና በ1 ዓመት ሲታይ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ለሮቴተር ካፍ ሕመም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የ60 ጥናቶች ግምገማ ወጥቷል። የእጅ ሕክምናን ከእንቅስቃሴ ጋር ከማስመሰያ ሕክምና አንጻር የፈተሸው አንዱ ጥራት ያለው ጥናት በሕመምም ሆነ በክንድ አገልግሎት ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ደህና ሆንኩ ያሉት ሰዎች ግን ሕክምናውን ካገኙት በኩል በዝተዋል።

ከዚህ የምረዳው እጅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። እጅ የሚሰጠው ጊዜያዊ እፎይታ ነው፤ ሕመሙ ቀነስ ሲል ክንዱ ትንሽ ይከፈታል። ያንን የተገኘ ትንሽ ነገር በዚያው ቀን፣ በማግስቱም በእንቅስቃሴ ካልያዙት ይመለሳል። ስለዚህ በየቀጠሮው እያሸ የሚልክና ቤት የሚሠራ ነገር የማይሰጥ ፊዚዮቴራፒስት ሥራውን ግማሽ አድርጎ ትቶታል።

«ካላመመ አይድንም» የሚባለው ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ እምነት ነው። ሰው ታሽቶ ካላለቀሰ፣ ጥርሱን ካልነከሰ ገንዘቡ የተበላ ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከኔዘርላንድስ የወጣ አንድ ጥናት 77 የተቆለፈ ትከሻ ያላቸውን ሰዎች በሁለት መንገድ አክሞ አወዳድሯል። አንዱ ቡድን ሕመሙን አልፎ የሚሄድ ጠንካራ መለጠጥና የእጅ ሕክምና ተሰጠው። ሌላው ቡድን ሁኔታው ተነግሮት፣ ሕመም እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ እንዲያንቀሳቅስና የሚችለውን ሥራ እንዲቀጥል ተመከረ። ከ2 ዓመት በኋላ ጤነኛ ወይም ለጤነኛ የቀረበ ትከሻ ያገኙት ከረጋው ቡድን 89 በመቶ፣ ከጠንካራው ቡድን 63 በመቶ ሆኑ።

ይህ ማለት ጠንከር ያለ እጅ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ የኔዘርላንድስ ጥናት በ100 ሰዎች ላይ ከፍተኛና ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን ሞቢላይዜሽን አወዳድሯል። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ ከፍተኛው በጥቂቱ በለጠ። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ባለበት ወቅት ለስላሳ እጅ ያስፈልጋል። ሕመሙ ረግቦ መቆለፉ ብቻ ሲቀር ጠንከር ማለት ይቻላል። ከሕክምና በኋላ የሚመጣ ሕመም እስከ ማግስቱ ካልረገበ እጁ ከብዷል ማለት ነው። ይህን ለባለሙያው መንገር መብታችሁ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ደግሞ ራሱ ይጠይቃችኋል።

እንቅስቃሴ ብቻውንስ?

ለሮቴተር ካፍ ሕመም የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት ላይ የታተመው ግራስፕ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት 708 ሰዎችን አሳትፏል። አንዳንዶቹ እስከ ስድስት ቀጠሮ ድረስ እየከበደ የሚሄድ ልምምድ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ሠሩ። ሌሎቹ አንድ ቀጠሮ ብቻ አግኝተው በደንብ ተመክረው፣ ልምምዱን ቤታቸው እንዲሠሩ ተላኩ። በዓመቱ በሁለቱ መካከል የሚያስመርጥ ልዩነት አልታየም።

ይህ ውጤት ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት ወረዳ ለሚኖር ሰው ትልቅ ዜና ነው። አንድ ጊዜ ከተማ መጥቶ በደንብ መመርመርና ልምምዱን በትክክል መማር፣ ከዚያ አገር ቤት ተመልሶ ሳያቋርጡ መሥራት ይበቃል። ለክፍለ ከተማ ነዋሪም የትራንስፖርትና የሥራ ቀን ዋጋ ስላለው ያው ነው። በአረብ አገር ቤት ሠራተኛ ለሆነች፣ ቀጠሮ ለመሄድ ፈቃድ ለማታገኝ እህትም ይሠራል።

ዕቃው ቀላል ነው። የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዞ፣ ክርን ጎን ላይ አጣብቆ፣ በጤነኛው እጅ የታመመውን ወደ ውጭ መግፋት። ነጠላ ወይም ፎጣ በጀርባ አሳልፎ በጤነኛው እጅ ከላይ፣ በታመመው ከታች ይዞ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ። ግድግዳ ላይ በጣት እየተራመዱ ወደ ላይ መውጣት። ለጅማት ሕመም ደግሞ ላስቲክ በር እጀታ ላይ አስሮ፣ ክርን ሳይላቀቅ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ መሳብ። ልምምዱ ላይ ከአሥር ሦስት ወይም አራት የሚሆን ሕመም ቢሰማችሁ አትደንግጡ። ውጤቱ ግን በሳምንት አይመጣም። ጅማት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ለሦስት ወር ያህል ሳትሰለቹ ሥሩ።

መርፌ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። መቀመጫ ላይ የሚወጋው የዲክሎፌናክ መርፌ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ትከሻውን ለይቶ አያክምም። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው ደጋግሞ መወጋቱ ጥሩ አይደለም። እኔ የምለው መገጣጠሚያው ውስጥ ወይም ጅማቱ አጠገብ ሐኪም የሚሰጠውን የስቴሮይድ መርፌ ነው።

ለተቆለፈ ትከሻ በመጀመሪያው የሕመም ወቅት ይህ መርፌ ከየትኛውም እጅ የተሻለ ፈጣን እፎይታ ይሰጣል። እንቅልፍ ይመልሳል፤ ልምምድም ያስጀምራል። ለሮቴተር ካፍ ጥቅሙ አነስተኛና አጭር ነው፤ ግራስፕ ውስጥ ከሁለቱም ቡድኖች መርፌ የተሰጣቸው ነበሩ፤ ልዩነቱ የታየው ግን በ8ኛው ሳምንት አካባቢ ብቻ ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ከፍ ሊልበት ስለሚችል ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገርና መለካት አለበት። መርፌውን ደጋግሞ መወጋት ጅማት ያዳክማል ተብሎ ስለሚሰጋ ሐኪሞች ቁጥሩን ይገድባሉ።

ማደንዘዣና ቀዶ ጥገና

ሌላም የእጅ ሕክምና አለ። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ የአጥንት ሐኪሙ የተቆለፈውን ክንድ በጥንቃቄ ያንቀሳቅሰዋል፤ ካፕሱሉ እየተላቀቀ ይሄዳል። ሌላው አማራጭ በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ ካፕሱሉን መቁረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የእንግሊዙ ፍሮስት ጥናት 503 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ እነዚህን ሁለቱን ከስቴሮይድ መርፌ ጋር ከተሰጠ የተደራጀ ፊዚዮቴራፒ ጋር አወዳድሯል። ፊዚዮቴራፒው እስከ 12 ቀጠሮ ነበር። በዓመቱ ከሦስቱ አንዱም ከሌሎቹ ጉልህ ብልጫ አላሳየም። ከታዩት ጥቂት ከባድ ችግሮች አብዛኞቹ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው በኩል ነበሩ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መርፌና ፊዚዮቴራፒ ይቀድማሉ።

«አጥንቱ ጅማቱን እየፋቀው ነው፣ ይላግ» ለሚባሉም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የ313 ሰዎች ጥናት አጥንት የሚላግበትን ቀዶ ጥገና ምንም ሳይላግ ገብቶ ከመውጣት ጋር አወዳደረ። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ተሻላቸው። በአደጋ ድንገት የተበጠሰ ጅማት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጤነኛ የነበረ ሰው ወድቆ ክንዱን ማንሣት ካቃተው በቶሎ የአጥንት ስፔሻሊስት ይየው፤ የሚሰፋ ከሆነ መዘግየት ይጎዳል። ከ60 ዓመት በኋላ ኤምአርአይ ላይ የሚታይ መበጠስ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ላይም ይገኛል። ወረቀቱን ብቻ አይቶ ቀዶ ጥገና መወሰን አያስፈልግም።

ለማን የቱ?

የ52 ዓመት ሴት፣ ስኳር ያለባት፣ ፀጉሯን መሥራት ያቃታት፣ ሌሊት የማትተኛ፦ ስኳሯ ይስተካከል፤ ከሐኪሟ ጋር ስለ መርፌው ትነጋገር። ለስላሳ ሞቢላይዜሽንና የቤት ልምምድ ይከተላል። ማሳጅ ቤት አይደለም።

ግንበኛ ወይም ቀለም ቀቢ፣ ክንዱን ሲያነሣ የሚያመው፦ ልምምድ ዋናው ነው። እጅ ሕክምና ሕመሙን ቀነስ አድርጎ ልምምዱን ካስጀመረው ጥሩ ነው፤ ከጥቂት ቀጠሮ በላይ ግን ገንዘብ አያውጣበት። ሥራ ማቆም ካልቻለ ከራስ በላይ የሚሠራውን ይቀንስ፣ መሰላሉን ከፍ ያድርግ።

ኳስ ሲጫወት የወለቀበት የ19 ዓመት ልጅ፦ ድንገተኛ ክፍል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመው አቤት ሆስፒታል አለ። ከተመለሰ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ክንዱ በማንጠልጠያ ያርፋል፤ ከዚያ ማጠንከሪያ ልምምድ። በዚህ ዕድሜ ውልቃት ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ የአጥንት ሐኪም ቢያየው ይመረጣል። እዚህ ላይ በእጅ ማላላት የሚባል ነገር አያስፈልገውም፤ ትከሻው ከሚገባው በላይ ላልቷልና። በአንጻሩ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ወልቆበት ከተመለሰ በኋላም ክንዱን ማንሣት ካልቻለ ጅማት መበጠሱን ማስመርመር አለበት።

ወድቀው ትከሻቸውን የያዙ እናት፦ ራጅ፣ ራጅ፣ ራጅ። ክንዳቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥላችሁ ውሰዷቸው። ማንም አይሸው።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፣ በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ያለ ሐኪም ወረቀት ፊዚካል ቴራፒስት ጋ በሆነ መጠን በቀጥታ መቅረብ ይቻላል። ኢንሹራንሱ ግን ሪፈራል ሊጠይቅ ይችላል፤ አስቀድማችሁ ደውሉ። ካይሮፕራክተር (አከርካሪና መገጣጠሚያ በእጅ የሚያክም ባለሙያ) ጋ የምትሄዱ ከሆነ ትከሻችሁ ወልቆ እንደሚያውቅ፣ ወይም አጥንታችሁ የሳሳ እንደሆነ ከመንካቱ በፊት ንገሩት።

ባለሙያ ስትመርጡ

እዚህ አገር ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ የሚሰጥ ሙያ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ካፈሩት አንዱ ነው። ስለዚህ የት እንደተማረና የሙያ ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም። በማኅበረሰብ ጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ። የቆየ ራጅ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ስምና የስኳር ልኬት ይዛችሁ ግቡ። ሴቶች ትከሻው ክፍት የሆነ ቲሸርት ወይም ካናቴራ ቢለብሱ ይመቻል፤ ሌላ ሰው አብሯችሁ እንዲገባ መጠየቅም ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሕመሜ ምንድን ነው? ስንት ቀጠሮ ያስፈልጋል? ቤት ምን ልሥራ? «ሠላሳ ቀጠሮ በቅድሚያ ክፈሉ» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ከዚያ ለውጡን ራሳችሁ ለኩ። አውራ ጣታችሁ ጀርባችሁ ላይ የት ይደርሳል? ቀበቶ ጋ? ከዚያ በላይ? ሌሊት ስንቴ ትነቃላችሁ? በየሳምንቱ አንድ ቀን ጻፉት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ካልተነቃነቁ ያንን ማስታወሻ ይዛችሁ የአጥንት ሐኪም ጋ ግቡ፤ ምርመራው ከእንደገና ይታይ።